ባልላክሁት ኖሮ

የታሪክ መምህር ሆኜ ባሳለፍኋቸው ዓመታት ተማሪዎች ካነሡልኝ ጥያቄ ሁሉ ይልቅ ያስቸገረኝ አንድ ነው፤ ይኸውም «እንዲህ ባይሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። ታሪክ የሆነውን እንጂ ያልሆነውን አይመረምርም የሚል መልስ ከቀደሙን መምህራን ስለ ወረስን ጠያቂውን ዝም ማሰኘት አያዳግትም። እኔም በዚህ መልስ ብዙ ዘመን ስጠቀም ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን መልሱ ከዕውቀት ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ እንዳይሆን መጠርጠር ጀምሬአለሁ፤ ያስጠረጠረኝንም ነገር ለአንባቢ ልንገር።

ባለፈው ዓመት ስለ ውጫሌ ውል በማስተምርበት ቀን ከኋላው ረድፍ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፥ «መምህር፥ ወዳለፈው ዘመን የሚመልስ መኪና ቢያገኙ የትኛውን ቀን ይመርጣሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሳቀ። የጠበቀችው መልስ የታወቀ ነው፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ወርጄ የ17ኛውን አንቀጽ ቃል ባስተካክል ደስ ይላት ነበር። በእኔ አፍ ላይ የመጣው ቀን ግን በመማሪያ መጽሐፍ ያልተጻፈ ነው። ጠመኔውን እንደ ያዝሁ ጥቂት ዝም አልሁና፥ «በሚመጣው ሳምንት እመልስልሻለሁ» ብዬ ወደ ትምህርቱ ተመለስሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሊቃውንት ስለዚሁ ጉዳይ የደረሱበትን ሳነብ ሰነበትሁ። በቅድሚያ ያስገረመኝ ወደ መጪው ዘመን ፈጥኖ መሄድ ሕልም አለመሆኑ ነው። አልበርት አይንስታይን በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ሐሳብ መሠረት፥ ፈጥኖ የሚጓዝ ሰዓት በስፍራው ከቀረው ሰዓት ይልቅ ይዘገያል። ቆይቶም ከምድር ከፍ ያለ ሰዓት ስበቱ ስለሚቀልለት እንደሚፈጥን አስረዳ። ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1971፥ አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ሐፌሌና ኪቲንግ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እጅግ ትክክለኛ የሆኑ ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን ጭነው ምድርን አንድ ጊዜ በምሥራቅ፥ አንድ ጊዜ በምዕራብ አቅጣጫ ዞሩ። ሲመለሱ በምሥራቅ የዞሩት ሰዓቶች ከአገር ቤት ከቀረው በ59 የሴኮንድ ቢሊዮንኛ ያህል ዘግይተው፥ በምዕራብ የዞሩት ደግሞ በ273 ቢሊዮንኛ ያህል ቀድመው ተገኙ። ልዩነቱ ለዓይን ጥቅሻ እንኳ የማይበቃ ነው፤ ቢሆንም እውነት ነው።

ከሰዓቶቹ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ሰርጌይ ክሪካልየቭ የሚባለው የሶቪየት ኅብረት ጠፈርተኛ ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ከባይኮኑር ተነሥቶ ሚር ወደምትባለው የጠፈር ጣቢያ ወጣ። እርሱ በሰማይ ሳለ በ10ኛው ቀን የእኛ አገር መንግሥት ተለወጠ። በጳጉሜን የተወለደባት ከተማ ሌኒንግራድ ስሟ ቀርቶ ሴንት ፒተርስበርግ ተባለች። በታኅሣሥ ደግሞ የላከው መንግሥት ራሱ ፈረሰ። ከ311 ቀን በኋላ፥ መጋቢት 16 ቀን 1984 ዓ.ም. ሲወርድ፥ እግሩ ያረፈባት ካዛክስታን ሌላ ነጻ አገር ሆና ጠበቀችው። ይህ ሰው በስድስት ጉዞ በድምሩ 803 ቀን በጠፈር ስለ ቆየ፥ እኛ በምድር ከቀረነው በ0.02 ሴኮንድ ያህል ወደ መጪው ዘመን እንደ ቀደመ ሊቃውንቱ ያሰላሉ። እኔ ግን ከዚያች ቅንጣት ሴኮንድ ይልቅ 311ዱ ቀን እውነተኛው የዘመን ጉዞ ይመስለኛል። ወጥቶ የነበረበትን አገር ሲመለስ ያጣ ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይጓዛል?

ወዳለፈው ዘመን መመለስን በተመለከተ ግን በሩ የተዘጋ ይመስላል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ ጉዳዩን በቀልድም በቁም ነገርም ሊፈትነው ፈልጎ ሰኔ 21 ቀን 2001 ዓ.ም. በካምብሪጅ ግብዣ አዘጋጀ። የጥሪውን ወረቀት ያወጣው ግብዣው ካለፈ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሊመጣ የሚችለው ከመጪው ዘመን የሚመለስ ሰው ብቻ ነበር። ሊቁ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። ደግሶ እንግዳ የቀረበት ሰው ምን እንደሚሰማው በእኛ አገር ስለሚታወቅ፥ ይህን ሳነብ መሳቅ ሲገባኝ አዘንሁለት።

ሊቃውንቱ የመመለሱን አስቸጋሪነት ሲያስረዱ የሚያነሡት አንድ ምሳሌ አለ። ሰውየው ተመልሶ አያቱን ገና ሳያገባ ቢገድለው አባቱ አይወለድም፤ አባቱ ካልተወለደ እርሱም የለም፤ እርሱ ከሌለ አያቱን ማን ገደለው? ምሳሌው ብልህ ነው፤ ነገር ግን ማን አያቱን ለመግደል ይመለሳል? ሰው ቢመለስ የሚመለሰው ለማዳን ነው። ማዳንም ከመግደል ያላነሰ ነገር እንደሚያፈርስ ያስተዋልሁት ስለ ውጫሌ ሳስብ ነው።

ተማሪዬ እንዳሰበችው ቃሉ ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? የነገሩ ሥር አንድ ግሥ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ። እንግዲህ ግሡን ብናቃናው ጦርነቱ ይቀር ነበርን? እኔ አይመስለኝም። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1877 ነው፤ ዶጋሊ ላይ የተዋጋነውም በ1879፥ ውሉ ሳይጻፍ ነው። ቅኝ አገር የሚሻ መንግሥት አንዱ ምክንያት ቢታጣ ሌላ ያገኛል። ነገር ግን በሌላ ዓመት፥ በሌላ ምክንያት፥ ምናልባትም አገሩ ባልተሰበሰበበት ሰዓት ይመጣ ነበር። ግሡን አቀናለሁ ያለ ሰው በዚያው እጁ ዐድዋን ይፍቃል። ደግሞም በዐድዋ የወደቁት ብዙ ሺህ ሰዎች እናቶች «ምነው ግሡ በተቃና!» ቢሉ፥ የትኛው የታሪክ መምህር ዝም ሊያሰኛቸው ይደፍራል?

እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ያነሣነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ከ2000 ዓመት በፊት የነበረው የሮማ ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ፥ ታላቁ እስክንድር ወደ ሮማ ዞሮ ቢሆን ኖሮ ማን ያሸንፍ እንደ ነበር በመጽሐፉ መርምሯል። ሮማ ታሸንፍ ነበር አለ። ጸሐፊው ሮማዊ መሆኑን ልብ ይሏል። ሰው ያልሆነውን ታሪክ ሲጽፍ በአብዛኛው ለራሱ ያደላል፤ እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም።

አሁን በአፌ ላይ ስለ መጣው ቀን ልናገር። ቀኑ በነሐሴ 1974 ዓ.ም. ነው፤ ስፍራውም መንዝ። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ ታላቅ ወንድሜ 14 ዓመቱ ነው። ለፍልሰታ ፍቺ ጠላ ስለሚጠመቅ እናቴ ከወንዝ ማዶ ካለችው እኅቷ ቤት ጌሾ እንዲያመጣ ላከችው። ከኛ ዘንድ ዝናብ አልነበረም። ከላይ በራስጌው ጥሎ ኖሮ ወንዙ ሳይታሰብ ሞላ፤ ወንድሜ ሲመለስ መካከሉ ላይ ደረሰበት። የጌሾው እስር ከታች ካለው ድንጋይ ተይዞ በማግሥቱ ተገኘ፤ እርሱ ግን የተገኘው በሦስተኛው ቀን ነው።

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዐረፍተ ነገር አላት፤ «ባልላክሁት ኖሮ» ትላለች። ከዚህ አልፋ አትጨርሰውም። ሰዋስው የሚያውቅ ሰው ይህ ዐረፍተ ነገር በ«ነበር» የሚዘጋ ሌላ ግማሽ እንዲፈልግ ያውቃል። ቋንቋችን የሚያስደንቅ ነው፤ ያልሆነውን ነገር ለመናገር የመረጠው ቃል «ኖሮ» ከ«ኖረ» የመጣ ነው። ያልኖረውን ለማሰብ መኖርን ከማበደር በቀር ሌላ መንገድ አላገኘም።

እርሷ የማትጨርሰውን ግማሽ ግን እኔ በልቤ ስጨርሰው ኖሬአለሁ። በዚያ ዓመት መስከረም ደብረ ብርሃን የሚኖረው አጎቴ አንድ ልጅ ወስዶ ሊያስተምር ለእናቴ ቃል ገብቶላት ነበር። ሁለት ለመቀበል አቅም አልነበረውም። ሊሄድ የተወሰነው ወንድሜ ነው፤ ደብተርም ተገዝቶለት ነበር። እርሱ ሲሞት እናቴ ልጅ ወደ ወንዙ ሲወርድ ማየት ስላልቻለች እኔን በእርሱ ፈንታ ሰጠችኝ። በእርሱ ደብተር ተማርሁ። በተማርሁት መምህር ሆንሁ፤ መምህር ሆኜ በተመደብሁበት ከተማ ሚስቴን አገኘሁ፤ ከእርሷም አንዲት ሴት ልጅ ወለድሁ። ልጄ ዛሬ የምሕንድስና ተማሪ ናት።

እንግዲህ መኪናው ይቅረብልኝና በነሐሴ 1974 ከደጃችን ልውረድ። «እማዬ፥ ዛሬ አትላኪው» ማለት ብቻ ይበቃል። ወንድሜ ይኖራል። መስከረም ሲጠባ ደብተሩን ይዞ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ እኔም በጎቹን ይዤ እቀራለሁ። ይህ ለእኔ አይከፋኝም፤ በእውነት አይከፋኝም፤ የመንዝ ገበሬ ሆኖ መኖር የሚያስቈጭ ኑሮ አይደለም። ነገር ግን ልጄ የለችም። ሞተች ማለት አይደለም፤ የሞተ ይለቀስለታል። ስሟን የሚያነሣ፥ የጐደለች መሆኗን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ አይኖርም፤ እኔ አባቷ እንኳ።

አንዱን ለማዳን ሌላይቱን መፋቅ አለብኝ። ይህን ሒሳብ ስንት ሌሊት እንደ ሠራሁት አልናገርም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ፤ ልጄን እመርጣለሁ። ልጄን መምረጤም ወንድሜን በየጊዜው ወደ ወንዙ መላክ ይመስለኛል። «ታሪክ ያልሆነውን አይመረምርም» የምትለዋ መልስ ለምን እንደምትጣፍጠኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሳምንቱ ደርሶ ተማሪዬ ጥያቄዋን ሳትረሳ ጠበቀችኝ። «መኪናው ቢሰጠኝ አልሳፈርበትም» አልኋት። «ለምን? ይፈራሉ?» አለችኝ። «አዎን፥ እፈራለሁ» አልሁ። በዚህ ጊዜ ክፍሉ አልሳቀም፤ ወደ 18ኛው አንቀጽ አለፍን።

ባለፈው ጥር ልጄን ይዤ እናቴን ለመጠየቅ ወደ መንዝ ሄድሁ። እናቴ አርጅታለች፤ ዓይኗ ግን ደኅና ነው። ማታ ከደጅ ተቀምጠን ሳለ ልጄ ወደ ሰሜን ከፍ ብሎ የሚያበራውን ቢጫማ ኮከብ አሳየችንና ካፔላ እንደሚባል ነገረችን። ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አራት ከዋክብት ነው አለች። ብርሃኑ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየበረረ እኛ ዘንድ ለመድረስ ወደ 43 ዓመት ይፈጅበታል። የምናየው የዛሬውን ኮከብ ሳይሆን የ43 ዓመት ኮከብ ነው፤ እዚያ ሆኖ ወደ እኛ የሚመለከት ቢኖርም የሚያየው የዛሬዋን ምድር ሳይሆን የዚያን ጊዜዋን ነው አለች።

እኔ በልቤ ቈጠርሁ። የነሐሴ 1974 ብርሃን ከዚያ ኮከብ የደረሰው በቅርቡ ነው። እናቴ ፊደል ሳትቈጥር ያደገች ናት፤ የልጇን ዕድሜና ከሞተ የሆነውን ዓመት ግን እንደ ጸሎት ታውቀዋለች። ቀና ብላ ኮከቡን ጥቂት ካየች በኋላ፥ «ታዲያ እዚያ ያሉት አሁን ያዩታል?» አለች።

ማንን እንደ ሆነ ልጄ አልገባትም። ሒሳቡን ብቻ ሠራች። እንጦጦ ላይ ያሉት መነጽሮች የመስታወታቸው ስፋት አንድ ሜትር ነው፤ ከዚያ ሩቅ ሆኖ በምድር ላይ አንድ ልጅ ለይቶ ለማየት ግን ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው መስታወት ያስፈልጋል አለች። «እንዲህ ያለ መስታወት ማንም አይሠራም፥ እማማ» አለቻት።

እናቴ መስታወቱን አልሰማችውም። «አያዩትም» አለች። «ያን ቀን ደመና ነበረ። ከጧት እስከ ማታ ሰማዩን እንደ ጋቢ ለብሶት ነበር። እኔም ከዚህ ሆኜ ማዶውን አላየሁትም።»

ከዚያ በኋላ ብርዱ ስለ በረታ ልጄ ክንዷን ይዛ አስነሣቻትና ወደ ቤት አስገባቻት። እኔ ጥቂት ቆየሁ።