ጭፈራም እንጀራ ይሆናል ወይ?

ለመሆኑ ከመካከላችሁ «ልጄ፣ አድገህ ዳንሰኛ ሁንልኝ» ተብሎ ሲመረቅ የሰማ አለ? ሐኪም ሁን ይባላል፣ ፓይለት ሁን ይባላል፣ ሲቸግርም መምህር ሁን ይባላል (እኛን እዚህ ያደረሰን ይኸው ምርቃት ነው)። ዳንሰኛ ሁን ግን አይባልም። ሠርግ የሆነ እንደሆነ ደግሞ እስክስታ የማይወርድ ሚዜ ያሳፍራል። በትምህርት ቤትም ነገሩ ያው ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል ጨፋሪ ጨፋሪ የሆኑት ልጆች ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ እየተጠሩ ፀሐይ ላይ ሲለማመዱ ይውላሉ። እንግዳው አጨብጭቦ ከሄደ በኋላ ያንን ችሎታ ካርዳቸው ላይ የሚጽፍላቸው የለም።

ይህን ጉዳይ ያነሣብን አንድ የአዳይቱ ልጅ ነው። አዳይቱ ከገዋኔ ወደ ሚሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የጂቡቲ ከባድ መኪናዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲያልፉባት ያድራሉ። ስለ ሙቀቷ ብንጽፍ ወረቀቱ አይበቃንም። ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ክብ ሠርተው፣ እያጨበጨቡ፣ ኬኬ ሲጫወቱ እናይ ነበር። ከበሮ የለም፣ ክራር የለም፤ መሣሪያቸው እጅና ጉሮሮ ነው። ታዲያ አንድ የአራተኛ ክፍል ልጅ መሐል ገብቶ ሲዘል ሌሎቹ ዝም ብለው ቦታ ይለቁለታል። ይኸው ልጅ ሾፌሮች በሚያርፉበት ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ጥቁር ኮት የለበሰ ፈረንጅ አንዲት ሴት እያሽከረከረ ሲወዳደር አይቷል። «ለዚያ ሰውዬ ይከፈለዋል?» ብሎ ጠየቀን። መልስ ሳንሰጥ ደወል ተደወለ፤ እኛም ጥያቄውን ይዘን ወደ ተቋሙ ተመለስን።

የፈለግነውን ያህል አነበብን። ልጁ ያየው የአዳራሽ ዳንስ ውድድር የሚባለው ነው። ዐሥር ዓይነት ዳንስ አለው፤ አምስቱ እንደ ቫልስና ታንጎ ያሉት፣ አምስቱ ደግሞ እንደ ሳምባ፣ ሩምባና ቻቻቻ ያሉት የላቲን ናቸው። በእንግሊዝ አገር ብላክፑል በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ከ1920 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትልቁ ውድድር ይካሄዳል። ብዙ ጥንዶች በአንድ ጊዜ ወለሉ ላይ ይወጣሉ፤ የወንዱ ጀርባ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ ሙዚቃው ከሁለት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ዳኞቹም በዚያች ደቂቃ ውስጥ ማን እግሩን አስተካክሎ እንደረገጠ፣ ማን ምቱን እንደጠበቀ ለይተው መጻፍ አለባቸው። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1997 እ.ኤ.አ. እንደ ስፖርት ዕውቅና ሰጥቶታል፤ ነገር ግን በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ የገባው እሱ ሳይሆን ብሬክ ዳንስ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ። ክፍያው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ሁላችንም ነው የገረመን። ቪክቶር ሲልቬስተር የተባለ እንግሊዛዊ በ1922 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ ግን የኖረው ዋንጫውን እያሳየ አይደለም፤ የዳንስ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ ጻፈ፣ የራሱን ኦርኬስትራ መራ። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ተወዳዳሪ ልብሱንም ጉዞውንም ከኪሱ ችሎ ነው የሚወዳደረው፤ የሚበላውን የሚያገኘው በማስተማር ነው። ለካስ ያ ጥቁር ኮት የለበሰው ሰው የሥራ ባልደረባችን ኖሯል!

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ አገራችን እንምጣ። አዲስ አበባም ሰዓት እላፊ በታወጀባቸው በደርግ ዓመታት እንኳ ጭፈራዋን አላቆመችም፤ ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ ሮሃ ባንድ በግዮን ሲጫወቱ፣ ሌሊት መውጣት ስለማይቻል ሰው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ይጨፍር እንደነበር ታላላቆቻችን ያወሩናል። ያ ግን ለመዝናናት ነው። በጭፈራ እንጀራ የበላ ማን ነው ብትሉን፣ መላኩ በላይን እንጠራለን።

መላኩ እስክስታን የተማረው በትምህርት ቤት አይደለም፤ በዓል ላይ፣ ሰው መሐል፣ እያየ ነው። ልጅነቱን በጎዳና ላይ ያሳለፈ ሰው ነው። ካዛንችስ በሚገኘው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ደመወዝ ሳይኖረው ከሚሸለማት ሳንቲም ብቻ እየኖረ፣ እዚያው እያደረ ለብዙ ዓመታት ጨፈረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤቱን ራሱ ተረከበው። ኢትዮ ከለር የተባለ ቡድን አቋቁሞ በየአህጉሩ ዞረ፤ በ2015 የፈረንሳይ መንግሥት የኪነ ጥበብ ኒሻን ሰጠው። ትከሻው ነው ይህን ሁሉ ያደረገው! ቤቱ ግን በ2024 በካዛንችስ መልሶ ማልማት ፈረሰ። ኒሻንም ቢኖር መጨፈሪያ ወለል ሊታጣ ይችላል ማለት ነው፤ ይህንንም ለልጁ መደበቅ የለብንም።

ሌላው መንገድ የአዱኛ ልጆች ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የዳንስ መምህር አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል ችግረኛ ሕፃናትን ለመድረክ አበቃ። ከዚያ አዱኛ የተባለው ቡድን ተመሠረተ፤ 18 ወጣቶችም ለዓመታት ሠለጠኑ። ከእነሱ አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 በሮሌክስ የሰዓት ኩባንያ ፕሮግራም ተመርጦ የጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ለመሆን በቃ። በኋላም ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረቱ፤ እነሱም በተራቸው ያስተምራሉ። ያው ዞሮ ዞሮ ማስተማር ነው።

ይህን ሁሉ ይዘን አዳይቱ ስንመለስ የልጁን አባት አገኘናቸው። የሚቆጡን መስሎን ነበር። እሳቸው ግን ሻይ አስቀድተውልን ጥቂት አሰቡና፣ «እናንተ አስተማሪዎች፣ ጭፈራ እኮ የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነ ነገር እንዴት አድርጎ የአንድ ሰው ሥራ ይሆናል?» አሉን። በአፋር ጨዋታ ክቡ ካላጨበጨበ የሚዘል የለም፤ ጊንሊ የሚባለው የሚመጣውን ተናጋሪ እንኳ የሚናገረው የከበቡት ሰዎች እየዘመሩለት ነው። ስለዚህ ለአባትየው የመላኩን ታሪክ ብንነግራቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተረቱም። እኛም አልረታንም። «ይማር፤ ፍየሎቹ እስካልጠፉ ድረስ» ብለው ግን ፈቀዱ። ልጁማ የሰማው «ይማር» የምትለዋን ብቻ ነው።

እንግዲህ የአርባ ደቂቃ የትምህርት ዕቅድ አዘጋጅተናል፤ ርዕሱ «ክብ ጭፈራ» ነው። ዓላማው ተጽፏል፣ መርጃ መሣሪያው ተጽፏል (እጅ ብቻ ስለሆነ ወጪ የለውም)። መምህራችን አይተውት በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ቃል አክለውበት መለሱልን፦ «ምዘናስ?»

ከመካከላችን አንዳንዶቹ እንደ ብላክፑል ዳኞች ምትና አረጋገጥ ይታይ ይላሉ። ሌሎቻችን ደግሞ የአባትየውን ነገር እያነሣን፣ የሚዘለው ልጅ ዘጠኝ ካገኘ ያጨበጨቡለት ስንት ሊያገኙ ነው እንላለን። ሁለት ቀን ተከራክረን የምዘናው ሣጥን ባዶ እንደሆነ ነው። ልምምዱ የሚቀጥለው ሰኞ ነው፤ ሐሳብ ያላችሁ በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉልን።