ስፒከሩን ያስቀመጠው ገመዱ ነው

ሰው ቤት ስገባ አንድ መጥፎ አመል አለብኝ። ሰላምታው አልቆ "አረፍ በል" የተባልኩበት ቦታ ሳልቀመጥ ዐይኔ ስፒከር ፍለጋ ይዞራል። ሆም ቴአትር ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ብዙ መዞር አያስፈልገውም፤ አምስቱም አንድ ላይ ናቸው። ሁለቱ ከቴሌቪዥኑ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ፣ መሀለኛው ከፕላስቲክ አበባው ጀርባ፣ ቤዙ ደግሞ ቡፌው ውስጥ በር ተዘግቶበት። ፎቶ ሊነሣ የተሰለፈ ቤተሰብ ነው የሚመስሉት።

"የኋለኞቹ ለምን ፊት መጡ?" ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። "ገመዱ አልደረሰም" ወይም "ገመዱ ቤቱን ያበላሻል"።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ የስፒከሩን ቦታ የሚወስነው ጆሮ ሆኖ አያውቅም፤ ገመዱ ነው። አብሮ በካርቶን የመጣው ቀጭን ገመድ የደረሰበት ድረስ ይሄዳል፣ እዚያ ላይ ስፒከሩ ይቀመጣል፣ አለቀ። ሳሎን የእንግዳ ነውና እንግዳ ገመድ ማየት የለበትም። እኔ ራሴ ያደግሁት ቴፑ ዳንቴል ለብሶ በሚቀመጥበት ቤት ነው። ስፒከሮቹም የየራሳቸው ዳንቴል ነበራቸው፤ ዘፈኑ በዳንቴል ተጠልሎ ነበር የሚደርሰን። ከዚያ ውጪ የማውቀው የሰፈሩን ቪዲዮ ቤት ነው፤ እዚያ ጥይቱ ከየት አቅጣጫ እንደተተኮሰ የሚጨነቅ አልነበረም፣ ከሁሉም ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ገብቼ የመጀመሪያዬን ባለ አምስት ስፒከር ስገዛ የሠራሁት ስህተት ከሰማይ አልወረደም። ያው የዳንቴሉ ልጅ ነኝ። ገና ስፒከሮቹን ከካርቶን ሳላወጣ ኤሌክትሪሻን ጠራሁ።

ልጁ ፈጣን ነበር። ብሎኬቱን በግራይንደር ቀደደው፣ ቤቱ በአቧራ ጠፋ፣ ባለቤቴ አልጋ ላይ ሳይቀር አንሶላ ደረበች። የቤዙ ገመድ ላይ ሲደርስ "ጋሼ፣ የሶኬቱ መስመር እዚሁ አለ እኮ፤ ሌላ ቦይ ለምን እንቀዳለን?" አለኝ። ለግድግዳዬ ማሰቡ ደስ አሰኘኝና እሺ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ስቱኮ ተቀባ፣ ቀለም ተቀባ፣ ገመድ የሚባል ነገር ከዓለም ጠፋ። እንግዳ መጥቶ "ገመዱስ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ብዬ የተመኘሁበት ሳምንት ነበር።

ሁለት ነገር ተከተለ። አንደኛ፣ ቤዙ ፊልም ኖረም አልኖረም "እምምም" ይላል። ሁለተኛ፣ ከሁለት ወር በኋላ የከሰዓት ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ እያረፈች አላሳይ ስላለች ሶፋው ዞረ። ሶፋው ሲዞር ግድግዳ ውስጥ የቀበርኩት ገመድ አልዞረም። የቀኙ የኋላ ስፒከር ጆሮዬ ሥር ቀረ፣ የግራው በረንዳው በር ላይ። ፊልሙ በሙሉ በቀኝ ጆሮዬ ሹክ ሲለኝ ከረመ።

እምምምታው ምንድን ነው? የቤታችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ወደ ቤዙ የሚሄደው ገመድ የሚሸከመው ሲግናል ትንሽ ነው፤ ከ220 ቮልት ጋር በአንድ ኮንዲዩት ውስጥ ለአምስት ሜትር ጎን ለጎን ሲተኛ የጎረቤቱን ምልልስ ይቀበላል፣ ቤዙ ደግሞ ያንኑ አጉልቶ ያሰማናል። ወደ ሌሎቹ ስፒከሮች የሚሄደው ገመድ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ኃይል ያለው ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይበከልም። ቢሆንም የትኛውንም የድምፅ ገመድ ከመብራት መስመር ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ ማስገባት ከድምፁም በላይ የሚያስፈራ ነገር አለው። የአንዱ ሽፋን ከተላጠ 220 ቮልት ልጅ ወደሚነካው ስፒከር ይሄዳል። አርቁት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል። መሻገር ግድ ከሆነ መስቀል ሠርቶ ይሻገር እንጂ አብሮ አይጓዝ።

እንግዲህ ሁለተኛውን ዙር ከጆሮ ጀመርኩ። ግድግዳውን ረስቼ፣ ገመዶቹን ወለል ላይ ዘርግቼ፣ ለሦስት ሳምንት እንደዚያው ተዝረክርከን ኖርን። (ባለቤቴ ስለ ሦስቱ ሳምንት የራሷ ጽሑፍ አላት፤ እስካሁን አልለጠፈችውም።)

ሜትር ካልያዛችሁ ሲባጎ ይበቃል። የምትቀመጡበት ቦታ ላይ አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ከእናንተ እስከ ግራው የፊት ስፒከር፣ ከእናንተ እስከ ቀኙ፣ ከግራው እስከ ቀኙ፣ ሦስቱም ያው አንድ ሲባጎ ይሁን። የኔ 2.4 ሜትር ሆነ። አቅጣጫውን ለማስታወስ ደግሞ ግድግዳ ሰዓት አስቡ፤ በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን መደቡ ላይ በተጻፈው ቁጥር። አፍንጫችሁ 12 ላይ ካለ የፊት ስፒከሮቹ 11 እና 1 ላይ ናቸው። የኋለኞቹ ማጅራታችሁ ላይ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ ቦታቸው 8 እና 4 ላይ ነው፣ ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ። የፊቶቹ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ እኩል ይሁኑ፣ የኋለኞቹ ግን ከጆሮ በላይ ከፍ ቢሉ ይሻላል። ኮርኒስ ጥግ ላይ እንደ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ አትስቀሏቸው እንጂ።

እዚህ ላይ ስለ መሀለኛው አንድ ነገር ልናገርለት፤ አበባ ሥር ሲኖር ያሳዝነኛል። ፊልም ላይ ሰው ሲናገር አብዛኛው ንግግር የሚወጣው በእሱ በኩል ነው። "ሙዚቃው ይጮኻል፣ ንግግሩ አይሰማም" የሚል ቤት ገብቼ አበባውን አንሥቼ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1933 የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ፊላደልፊያ ላይ የሚጫወትን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ዋሽንግተን አዳራሽ ውስጥ ሲያሰሙ ሦስት መስመር ነበር የተጠቀሙት፤ ግራ፣ መሀልና ቀኝ። አዳራሽ ውስጥ ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉንም ነገር አጠገቡ ካለው ስፒከር ብቻ የሚሰማ ይመስለዋላ። ሶፋ ዳር የምትቀመጠው እህታችሁም እንደዚያው ናት።

የጆሮ አመል ነው ይሄ። ሄልሙት ሃስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ተለያይቶ ሲመጣ ጆሯችን ቀድሞ የደረሰውን ያምናል፤ ሁለተኛውን ከእሱ ጋር ቀላቅሎ ይውጠዋል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አምፕሊፋየሩ ቅንብር ውስጥ የየስፒከሩን ርቀት ሙላ የሚላችሁ ለዚህ ነው፤ የቀረበውን እያዘገየ እኩል ያደርስላችኋል። ብዙ ሰው ያንን ገጽ ከፍቶት አያውቅም። ክፈቱት።

ወደ ቤዙ ልምጣ፤ እሱ ላይ ታሪክ አለኝ።

ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሯችን በቀላሉ አይለየውም። ስለዚህ ቤዙ እንደ ልብ የሚደበቅ ነው፤ ከሶፋ ጀርባ ቢሆን፣ መጋረጃ ሥር ቢሆን አይታወቅበትም። ግን ክፍሉ ያውቅበታል። የኔ ሳሎን ርዝመቱ 4.8 ሜትር ነው። 36 ኸርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ሞገዱ 9.5 ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሹ ልክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይገጥማል፤ ያኔ ግድግዳው ጋ ሲወፍር ክፍሉ መሀል ላይ ይጠፋል። ታዲያ ጥሩውን ቦታ እንዴት ታገኛለህ? መላው አስቂኝ ነው። ቤዙን አንሥተህ አንተ የምትቀመጥበት ሶፋ ላይ ታስቀምጠዋለህ፣ ቤዝ ያለው ዘፈን ትከፍታለህ፣ ከዚያ አንተ በአራት እግርህ ወለሉን እየዞርክ ታዳምጣለህ። ድምፁ ሳይጎረብጥ እኩል የተሰማህ ጥግ የቤዙ ቦታ ነው፤ ጆሮና ስፒከር ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ ያው ነውና።

እንደዚያ እየዳኽሁ፣ ጉንጬ ወለል ሊነካ ደርሶ፣ በሩ ተከፈተና የባለቤቴ እናት ገቡ። ቆም ብለው አዩኝ። ሶፋው ላይ እንደ እንግዳ የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን አዩ። እንደገና እኔን አዩ።

"ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ?"

"ድምፅ እየፈለግሁ ነው እማማ።"

"በስመ አብ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማድ ቤት አለፉ። ከልጃቸው ጋር ምን እንደተነጋገሩ እስከ ዛሬ አልተነገረኝም።

ድምፁ የተገኘው የት ይመስላችኋል? ረከቦቱ በሚቀመጥበት ጥግ። ቤታችን ውስጥ ያ ጥግ ለድርድር አይቀርብም። ጭሱም፣ እጣኑም፣ የሚንጣጣው ፍምም እዚያ ነው። ሁለተኛው ምርጥ ቦታ ከቡፌው ጎን ሆነ፤ በሁለተኛው ተስማማን። ጥግ ውስጥ መወተፍ ቤዙን ያጎላዋል፣ ግን ማጉላትና ማጥራት ለየቅል ናቸው። የፎቁ ወለል ደግሞ ነገር ያወራል። ከታች ያሉት እትዬ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ "ትናንት ማታ ያያችሁት ጦርነት በማን አሸናፊነት አለቀ?" አሉኝ። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ አደረግሁ፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ጦርነቱን በሹክሹክታ ነው የምናየው።

ቦታው ሁሉ ከተለየ፣ ሶፋውም ሁለተኛ እንደማይዞር ከተማማልን በኋላ ነው ገመድ ፍለጋ የሄድኩት። መርካቶ ስትገዙ ጫፉን ላጥ አድርጋችሁ በምላጭ ፈቅፍቁት። ላዩ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ለተመሳሳይ ርዝመት ኤሌክትሪኩን የበለጠ ይቃወማል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ገመድ ደግሞ ተሰብሮ የሚጠገን አይደለም። ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 10 ሜትር ድረስ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል፤ የመብራት መስመር የሚዘረጋበት ውፍረት ማለት ነው። 4 ኦም ከሆነ 2.5 ውሰዱ። ከዚያ በላይ ለወርቅ ቅብና ለጌጥ የሚከፈለው ብር ለጥሩ ምንጣፍ ቢውል ይሻላል። የምሬን ነው፤ ባዶ ሴራሚክ ላይ ድምፅ እየነጠረ ሲረብሽ የኖረ ሳሎን አንድ ወፍራም ምንጣፍና ከባድ መጋረጃ ሲያገኝ ሌላ ቤት ይሆናል። ምንጣፉ ሥር ግን ገመድ አታሳልፉ፤ በተረገጠ ቁጥር ያልቃል፣ ሰውም ይጥላል።

ግድግዳ መቅደድ በዚህኛው ዙር ቀረ። የብሎኬት ገጹ ስስ ነው፤ አግድም ረጅም ቦይ ሲቀደድበት ይዳከማል፣ ኮለንና ቢም ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ባለ ክዳኑን የፕላስቲክ ገመድ መሸፈኛ ገዝቼ ከዞኮሎው በላይ ዙሪያውን አስኬድኩት፣ በግድግዳው ቀለም ቀባሁት። በር ላይ ሲደርስ በጉበኑ ዙሪያ ወጥቶ ወረደ። ጥጉ ላይ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ አርባ አምስት ዲግሪ ቆርጠህ ማጋጠም የአናጢ እጅ ይጠይቃል፣ የኔ እጅ የጸሐፊ ነው። ቀረብ ብሎ ያየ ያየዋል። ነገ ሶፋው ቢዞር ግን ክዳኑ ይከፈታል።

"ገመድ አልባ ብትገዛ ይሄ ሁሉ ምን አደከመህ?" ያለኝ ጓደኛ አለኝ። ቤቱ ሄጄ አየሁት። የኋላ ስፒከሮቹ ገመድ አልባ ናቸው፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣ ገመድ የለም። ከእያንዳንዱ ሥር ግን የኤሌክትሪክ ገመድ ወርዶ፣ ሶፋው ጀርባ ያለ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ፣ ዲቫይደሩ በተራው ሌላ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል።

ከመዝጋታችሁ በፊት የመደመርና የመቀነሱን ነገር አጣሩ። አንዱ ስፒከር ተገላብጦ ከተያያዘ ሌሎቹ ወደ ፊት ሲገፉ እሱ ወደ ኋላ ይስባል፤ ቤዙ ይሳሳል፣ ድምፁ መሀል ላይ አልቆም ይላል። አንድ ባትሪ ድንጋይ፣ ያ የተለመደው 1.5 ቮልቱ፣ ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ በያዛችሁት የገመድ ጫፍ ላይ ለቅጽበት ነካ አድርጉት። ደመሩ ከደመር ጋር ከሆነ የስፒከሩ ሸራ ቱክ ብሎ ወደ ፊት ይዘላል። ልጄ ይህን ሥራ ወዳው አምስቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ አስደግማኛለች።

ለፋሲካ እማማ መጡ። ቄጠማ ተጎዝጉዞ ስለነበር ዞኮሎውም መሸፈኛውም ጨርሶ አይታይም ነበር። እንደ ክብራቸው መሀለኛው ሶፋ ላይ ተቀመጡ፤ ሲባጎዬ የተለካው ከዚያ ወንበር ነው። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ፊልም ከፈቱ። ቡናው እየተቆላ ነበር፣ ማንም በደንብ አያይም። ፊልሙ ውስጥ ማታ ሆነ፣ ሰውየው መኪና ውስጥ ተቀመጠ፣ ዝናቡ ጀመረ።

እማማ ወደ በረንዳው ዞረው "ኧረ ልብሱን አስገቡት!" አሉ።

ባለቤቴ የሚቆላውን ትታ ተነሣች።