እናቱ ትመጣለች፦ በፖይንት ሎቦስ ድንጋያማ የባሕር ዳርቻ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ ካርሜል ከምትባለው ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ስትሄዱ ድንጋያማ መሬት ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ገብቶ ታገኛላችሁ። ፖይንት ሎቦስ ይባላል። ስሙን ያወጡለት በድንጋዮቹ ላይ ተኝተው የሚጮኹትን እንስሳት የሰሙ ስፔናውያን ናቸው፤ «የባሕር ተኩላዎች ጫፍ» አሉት። ዛሬ እነዚያኑ እንስሳት ሰው «የባሕር አንበሳ» ይላቸዋል። እኔ ስሰማቸው ግን ተኩላም አንበሳም አልመሰሉኝም። ሌሊት በየሰፈሩ እየተቀባበሉ የሚጮኹትን የአዲስ አበባ ውሾች ነው ያስታወሱኝ።

እዚያ የደረስኩት በእኔ ዕድሜ እንዳሉ ብዙ ሰዎች የልጅ ልጅ ለማየት ሄጄ ነው። ልጄና ባለቤቷ የሚኖሩት ሳን ሆዜ ነው። ሁለቱም በፈረቃ ይሠራሉ፤ እሷ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ትገባለች። ለልጅ ልጅ ብለን ባሕር የተሻገርን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ አይተን የምንመለሰው የልጆቻችንን ሳሎን፣ ቤተ ክርስቲያኑንና የገበያ አዳራሹን ነው። በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ግን ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ የእግዜርን ሥራ ላሳይሽ» አለችና ሰባት ዓመት የሞላትን የልጅ ልጄንና የአራት ዓመት ወንድሟን ይዘን ወጣን። መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

በሩ የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። በቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያው ቶሎ ስለሚሞላ ማልዶ መድረስ ይበጃል። ውሻ ማስገባት ክልክል ነው። ድንጋይ፣ ዛጎል፣ አበባ፣ ሌላው ቀርቶ የወደቀ ላባ እንኳ አንስቶ መውሰድ አይፈቀድም። ትንሹ ልጅ ከቤት ይዞት የመጣው ቀይ ባልዲ መኪና ውስጥ ቀረ። አለቀሰ። «የምትወስደው ነገር ከሌለ ባልዲው ምን ይሠራልሃል?» ብትለው እናቱ አልገባውም። ነገሩ የገባው በኋላ ነው።

መጀመሪያ የወረድነው ዌስተን ቢች ወደሚባለው ዳርቻ ነው። ስሙ እዚያ ድንጋዮቹን ሲያነሳ ከኖረው ከታዋቂው ፎቶ አንሺ ከኤድዋርድ ዌስተን የመጣ ነው። ቢች ሲባል አሸዋ አትጠብቁ፤ አለቱ እንደ እንጀራ ተነባብሮ የተደረደረ ነው። የባሕሩ ውኃ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የተነሳ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ሲጎድል በአለቱ ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። የእያንዳንዱ ኩሬ ስፋት የወጥ ድስት ቢያህል ነው፤ ውስጡ ግን አንድ መንደር ሙሉ ነዋሪ አለ።

ቁጢጥ ብለን አየን። አበባ የመሰለው ነገር እንስሳ ነው፤ አኔሞን ይሉታል፤ በአጠገቡ የምታልፈውን ትንሽ ነፍሳት በቅጠል በሚመስሉት እጆቹ ይይዛል። የሚራመድ ቀንድ አውጣ ያልነው ደግሞ በባዶ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር ሸርጣን ነው። ሸርጣኑ ሲያድግ ቤቱ ይጠበዋል፤ የሚሰፋውን ባዶ ቅርፊት ፈልጎ ይገባል። ልጄ ይህን ስትነግረው ትንሹ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና «ዛጎሉን ብወስደው ቤት ያጣል» አለ። ስለ ባልዲው ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። በዚህ ዳርቻ ልጅ ይዞ ለባሕሩ ጀርባ መስጠት አይገባም። ፀጥ ብሎ ከቆየ በኋላ በድንገት ከሌላው የበለጠ ማዕበል ይመጣል፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ ውኃው ደግሞ እጅግ ቀዝቃዛ ነው። በወጣትነቴ ያየሁት የምፅዋ ባሕር ሞቃት ነበር፤ ይኸኛው እጅ አስነክቶ ወዲያው የሚያስመልስ ነው። ለንፋሱ ጋቢዬን ለብሼ መሄዴ ጠቀመኝ። የማያንሸራትት ጫማ ደግሞ ለአያትም ለልጅም የግድ ነው።

ከዚያ ወደ ባሕር አንበሶቹ ጫፍ ተጓዝን። በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚዎች የሩቅ ማያ መነጽራቸውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ተክለው የመጣውን ሁሉ ያሳያሉ። ክፍያ አይጠይቁም። ከመካከላቸው አንዷ ጸጉሯ እንደ እኔው የሸበተ ሴት ነበረች። በመነጽሯ ስመለከት ከታች በውኃው ላይ የተንሳፈፈውን ኬልፕ የሚባል የባሕር ተክል አየሁ፤ በተመቸው ወቅት በቀን 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል ይባላል። በተክሉ መሐል ኦተር የሚባለው እንስሳ በጀርባው ተንጋሎ፣ ደረቱን እንደ ገበታ አድርጎ ይበላል።

ኦተር እንደ ሌሎቹ የባሕር እንስሳት ከቆዳው በታች ወፍራም ጮማ የለውም። ከብርዱ የሚያድነው ጸጉሩ ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳው ላይ ከ100 ሺሕ በላይ ጸጉር ይበቅላል። በዚህ ጸጉሩ ምክንያት ነጋዴዎች ሊያጠፉት ምንም አልቀራቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 አገሮች ተስማምተው አደኑን ሲከለክሉ በካሊፎርኒያ አልቋል ይባል ነበር። በ1938 ግን ከዚህ ቦታ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ቢግ ሰር በሚባለው ዳርቻ ሃምሳ ያህል ኦተሮች ታዩ። ዛሬ በካሊፎርኒያ ባሕር ያሉት ሦስት ሺሕ ያህል ሲሆኑ ዘራቸው የሚቆጠረው ከእነዚያ ጥቂቶች ነው። የእነሱ መትረፍ ኬልፑንም ጠቅሞታል፤ ተክሉን ከሥሩ የሚግጠውን እሾሃማውን የባሕር ጃርት ይበሉታልና።

እናትየዋ ኦተር ምግብ ፍለጋ ስትጠልቅ ልጇን ይዛ መውረድ አትችልም። የልጁ ጸጉር አየር ስለሚይዝ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል። እንዳይወሰድባት አንዳንዴ በኬልፕ ትጠቀልለውና ትታው ትሄዳለች። «ልክ በነጠላ እንደማዘል!» አልኩ። ልጄ ተርጉማላት አስጎብኚዋ ሳቀች።

ልብ የሚነካው ግን ቻይና ኮቭ የሚባለው ወሽመጥ ነው። በገደል የተከበበ፣ ውኃው እንደ ጠርሙስ አረንጓዴ፣ አሸዋው ነጭ ነው። በመውለጃው ወቅት ወደ ታች መውረድ ስለማይፈቀድ የምናየው ከላይ ከመንገዱ ነው። እዚያ የሚወልዱት ሲል የሚባሉት እንስሳት ናቸው። እኛ ሽማግሎች «አቆስጣ» የሚለውን ቃል ከኦሪት ዘጸአት እናውቀዋለን፤ ቁርበቱ ለድንኳኑ መሸፈኛ የዋለው ነው። ቃሉ ለየትኛው እንስሳ እንደተሰጠ ሊቃውንት ቢከራከሩበትም እኔ ለልጅ ልጆቼ አቆስጣ ብዬ አስተማርኳቸው። የባሕር አንበሳ ከውጭ የሚታይ ትንሽ ጆሮ አለው፤ በመቅዘፊያዎቹ ብድግ ብሎም ይራመዳል። አቆስጣ ግን ጆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በሆዱ እየተሳበ ይሄዳል።

በአሸዋው ላይ አሥር የሚሆኑ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ተኝተዋል። ፈንጠር ብሎ ደግሞ አንድ ግልገል ለብቻው ነበር። አንገቱን ቀና እያደረገ ይጣራል፤ ድምፁ የሕፃን ልቅሶ ይመስላል። የልጅ ልጄ እጄን ጨበጥ አድርጋ «እማማ፣ እናቱ የት ሄደች? ትታው ነው?» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ የእኔም አንጀት ተላወሰ።

አስጎብኚዋ ያስረዳችን እንዲህ ነው። እናቲቱ የምታጠባው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ብቻ ነው። ወተቷ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው፤ ግልገሉ በዚያች አጭር ጊዜ ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል። ይህን ሁሉ ወተት ለመስጠት እሷም መብላት አለባት፤ ስለዚህ ልጇን አሸዋው ላይ ትታ ወደ ባሕር ትገባለች። ትመለሳለች፤ ከብዙዎቹ መካከል በድምፁና በሽታው ትለየዋለች። አደጋው የሚመጣው ሰው ሲያዝን ነው። ብቻውን ያዩት ደግ ሰዎች «ተጥሏል» ብለው ያነሱታል፣ ብርድ ልብስ ያለብሱታል፣ ወደ ውኃ ይገፉታል፤ እናቲቱ ስትመጣ ልጅ የለም። ወይም ሰው ከብቦት ስታይ ወደ አሸዋው መውጣት ትፈራለች። ለዚህ ነው መመሪያው ቢያንስ 45 ሜትር ራቁ የሚለው። የቆሰለ ወይም የታመመ የሚመስል ከታየ እንኳ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይደወላል እንጂ በእጅ አይነካም።

ቆመን ጠበቅን። በመሐሉ ጥቂት ወጣቶች እየተጯጯሁ መጡ። ከታች የተኙት እናቶች በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ሁለቱ ወደ ውኃው ተንደረደሩ። አስጎብኚዋ ጣቷን ወደ አፏ አስጠግታ ለመነቻቸው፤ ወጣቶቹም ደግ ናቸው፣ ወዲያው ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ደጋግሞ ሲመጣ ግልገሎቹ ከእናቶቻቸው እንደሚለያዩ ነገረችን። የልጅ ልጄ ከዚያ በኋላ ስታወራ እንኳ በሹክሹክታ ነበር፤ እኔንም ሳስል «እሽሽ» አለችኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ይሉ የለ!

አርባ ደቂቃ ያህል ሲሆን ከአረንጓዴው ውኃ ውስጥ አንድ ክብ ጭንቅላት ብቅ አለ። ቆየት ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ጠለቀ፤ እንደገና ቀረብ ብሎ ታየ። ከዚያ እናቲቱ ከማዕበሉ ጋር አሸዋው ላይ ወጣች። ግልገሉ እየተንፈራገጠ ሄደ፤ አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ፤ ጎኗን ሰጠችው። ከእኛ ጋር የቆሙት ሰዎች ሁሉ ፈገግ ብለው ነበር፤ ያጨበጨበ ግን አልነበረም።

ስንመለስ በዌለርስ ኮቭ በኩል አለፍን። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ቻይናውያን ዓሣ አጥማጆች የሠሯት የእንጨት ጎጆ ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በዚህ ወሽመጥ ዓሣ ነባሪ ይታደን ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አሁን በዚያው ባሕር ግራጫው ዓሣ ነባሪ በሰላም ያልፋል። ከሜክሲኮ እስከ አርክቲክ፣ ደርሶ መልስ 16 ሺሕ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በየዓመቱ ይጓዛል። በሚያዝያና በግንቦት የሚያልፉት ልጆቻቸውን ያስከተሉ እናቶች ናቸው፤ ከጠላት ለመሸሸግ ዳርቻውን ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ ቀን ከሩቅ የትንፋሻቸውን ጭስ፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ፣ አየን። ግዛቱ ቦታውን በ1933 ከልሎ ጠበቀው፤ በ1960 ደግሞ ከውኃው በታች ያለውን ጨመረበት። የአደን ወደብ የነበረ ቦታ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ እናቶች የሚወልዱበት ሆነ።

በዚያው ቀን ማታ ልጄ የሥራ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ትልቋ የልጅ ልጄ እንደ ሌላው ጊዜ እግሯ ላይ አልተጠመጠመችም። «ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ከነጋ በኋላ እንደሆነ ሲነገራት ራሷን ነቀነቀችና ከእኔ ጋር ወደ መኝታዋ ገባች።

እንዲህ ያለውን ነገር ለልጅ ለማሳየት የግድ ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም። ባሕር ባይኖረን ሐይቅ አለን። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ፔሊካኖች ጫጩት ይፈለፍላሉ። በሻላ ውኃ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለ ወላጆቹ ጫጩቶቻቸውን ትተው ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች ይበርራሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ወይም ጫሞ ዳር ልጆች ይዛችሁ ስትሄዱም ድንጋይ አታስወርውሩ፤ ለፎቶ ብላችሁ ወፉን አታስነሱ፤ ጫጩት ብቻውን ካገኛችሁ ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። ምግባችሁን ያዙ፣ ቆሻሻችሁን መልሱ። ከሁሉ በላይ ጊዜ ያዙ። ልጆች አርባ ደቂቃ ዝም ብለው አይቀመጡም የምንል እኛ ነን፤ የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ካወቁ ይቀመጣሉ።