ፌስቡክን መተው፦ ጥያቄው ከአሶሳ ሲነሳ

«ፌስቡክን ዘግቼ ልገላገል» የማይል ሰው አሁን አሁን አይገኝም። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ ይህን ለሚል ሰው ውሳኔው ብዙ አያስከፍለውም። ዜናውን ከሌላ ቦታ ያገኛል፣ ወዳጆቹም በሌላ መንገድ ያገኙታል። አሶሳ ላይ ሆኖ ይህንኑ ለሚል ግን ነገሩ ይከብዳል።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በወለጋ በኩል የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋና ሲከፈት ዓመታት አልፈዋል። መኪና አለፈ ወይስ አላለፈም? የትኛው መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ አወጣ? ማን አረፈ? ለቅሶው የት ነው? የዚህ ሁሉ መልስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፌስቡክ ላይ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ መግለጫቸውን ቀድመው የሚለጥፉት እዚያ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ገጽ ሲያስተዳድር የኖረ የከተማው ልጅ ገጹን ሲዘጋ፣ ከራሱ ሌላ ብዙ ሰው ወሬ የሚሰማበትን ደጅ አብሮ ይዘጋል።

ቅሬታው ግን እውነት ነው። በስሙ የሐሰት ገጽ የተከፈተበት፣ አካውንቱ የተጠለፈበት፣ «ይሄ ጽሑፍ ሰው ያስገድላል» ብሎ ሪፖርት አድርጎ «ደንባችንን አይጥስም» የሚል መልስ የደረሰው ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ቸልታ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ተገኝቷል። የቀድሞ የኩባንያው ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን መስከረም 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ኢትዮጵያን በስም ጠርታ አስጠንቅቃ ነበር። ያወጣቻቸው ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ኩባንያው የተሳሳተ መረጃን ለመለየት ከመደበው በጀት 87 በመቶው ለአሜሪካ ነበር። የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ግን በየዕለቱ ፌስቡክን ከሚጠቀሙት ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። የቀረው ዓለም በሙሉ 13 በመቶውን ተካፈለ። ከዚያ ውስጥ ለኢትዮጵያ፣ ከኢትዮጵያም ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ሜታ በዚያው ዓመት በሰጠው ማብራሪያ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በትግርኛ የሚጻፈውን የሚገመግሙ ሰዎች እንዳሉት ተናግሯል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ ይህ ለአሶሳም የሚበቃ ሊመስል ይችላል። ሆኖም በክልሉ ሕገ መንግሥት በነባርነት የታወቁት ሕዝቦች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው። የእነዚህ ሕዝቦች ቋንቋዎች በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በሩጣንኛ ወይም በጉሙዝኛ የተጻፈ ስድብና ዛቻ ሪፖርት ቢደረግ ማን ያነበዋል?

የቸልታው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ከባሕር ዳር የመጣው ታሪክ ያሳያል። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ከመገደላቸው በፊት ስማቸውና ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ከውንጀላ ጋር ወጥቶ ነበር። ልጃቸው ጽሑፎቹ እንዲነሱ ደጋግሞ እንደጠየቀና ምላሽ ያገኘው አባቱ ከሞቱ በኋላ እንደሆነ ይናገራል። አበው «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ያቅታል» ሲሉ ይህን ዘመን ያዩ ይመስላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ካለ መውጣት አይሻልም? ከመወሰን በፊት ሌላውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል። የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ሰው በእሳት ሲቃጠል የሚያሳየው ቪዲዮ የወጣው በማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ጉባ የሕዳሴ ግድብ ያለበት ወረዳ ነው። አገር ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፣ የዚያን ቀን የሆነውን ግን ቪዲዮው እስኪወጣ ድረስ አላወቀም። መንግሥት ድርጊቱን ያወገዘውም፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ግኝቱን ይፋ ያደረገውም ከዚያ በኋላ ነው። ጥላቻ የሚያራባው መንገድ፣ የተሸሸገ ወንጀል የሚጋለጥበትም መንገድ ሆነ። ጨዋው ሁሉ ቢወጣ ሁለተኛው ሥራ ይቆማል፣ የመጀመሪያው ግን ይቀጥላል።

ደግሞስ መውጣት ኩባንያውን ያስደነግጠዋል? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ከ1,000 በላይ ድርጅቶች የጥላቻ ንግግርን በመቃወም ማስታወቂያቸውን ከፌስቡክ አንስተው ነበር። ከእነሱ መካከል ዓለም የሚያውቃቸው ትልልቅ ስሞች ነበሩ። ይሁንና ፌስቡክ ከሐምሌ እስከ መስከረም በነበሩት ሦስት ወራት ያገኘው ገቢ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ22 በመቶ ጨምሮ ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ይህን የቻለ ኩባንያ አንድ የአሶሳ ገጽ በመዘጋቱ አይደነግጥም። እንዲያውም አያውቅም። በኩርፊያ መውጣት ትርጉም የሚኖረው የሚኮረፈው ሰው ሲያይ ነው።

መሄጃውም ያሳስባል። በ1998 ዓ.ም. ብሎግስፖት በአገር ውስጥ ሲታገድ እዚያ ይጽፉ የነበሩ ሰዎች አንባቢያቸው በአንድ ጊዜ ራቃቸው። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ አብረው ተዘግተው ለአምስት ወር ያህል ቆዩ። ቴሌግራም ላይ ያለ ሰው ከፌስቡክ ሰው ተሽሎ አልዳነም። ቤት መቀየር ብቻውን ባለቤት አያደርግም፤ ያው ተከራይ ነው።

ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ልውጣ ወይስ ልቆይ?» አይደለም። «የማጣው ከሆነ የሚጎዳኝ ነገር የት ተቀምጧል?» የሚለው ነው። ፌስቡክን እንደ ገበያ ማየት ይበጃል። ሰው ገበያ የሚሄደው ሰው ስላለ ነው፤ የቤቱን ሰነድ ግን ገበያ ላይ ጥሎ አያድርም። ገጽ ያለው ሰው የጻፈውንና ያነሳውን ፎቶ አውርዶ በሌላ ቦታ ያስቀምጥ፤ ፌስቡክ ራሱ ለዚህ የሚሆን ማውረጃ አለው። የአንባቢዎቹን ስልክ ይያዝ። ሪፖርት ሲያደርግ ጽሑፉን፣ ቀኑንና የተሰጠውን መልስ ፎቶ አንስቶ ያኑር። መሥሪያ ቤቶችም የሕዝብ ማስታወቂያን ፌስቡክ ላይ ብቻ መለጠፍ ይተዉ። ሬዲዮና የግቢው ሰሌዳ አሁንም ይሠራሉ፣ ስማርት ስልክ የሌለውም ዜጋ ነው።

አንድ ሰው ግን ዛሬውኑ መዝጋት አለበት። በገጹ ሥር የሚጻፈውን አስተያየት መከታተል ያልቻለ፣ ወይም ተከታይ እንዳይቀንስበት ብሎ ዛቻና ስድቡን አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ ገጽ አስተዳዳሪ። ኩባንያው ካሊፎርኒያ ሆኖ ጎረቤቶችን አያውቃቸውም። እሱ ግን ያውቃቸዋል።

መዝገብ መያዝ ከንቱ ድካም የሚመስለው ካለ ወደ ናይሮቢ ይመልከት። የፕሮፌሰር መዓረግ ልጅ ከሌሎች ከሳሾች ጋር ሆኖ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሜታን ከሰሰ። ኩባንያው «የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም» ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። የ1,000 ድርጅቶች ማኩረፍ ያላስገኘውን ዳኛ ፊት የመቅረብ ግዴታ ያስገኘው፣ መቼ ምን እንደተጻፈና መቼ ምን እንደተጠየቀ ይዞ የቆየ ሰው ነው። ወደ አሶሳም የሚመጣ መልስ ካለ በዚህ በኩል የሚመጣ ይመስላል።