ፍቅር መርማሪ ሲሆን

የፊልም ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን «ሳይኮ» ነው። እኔን የባሰ የሚያስፈራኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1943 የወጣው «ሻዶው ኦፍ ኤ ዳውት» ነው። (መጨረሻውን ስለማወራ፣ ያላያችሁት ቀድማችሁ እዩት።)

ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ጸጥተኛዋ ሳንታ ሮዛ። ቴሬሳ ራይት የምትጫወታት ቻርሊ ኑሮ የሰለቻት ወጣት ናት። ስሟ የወጣላት በእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። «ና» የሚል ቴሌግራም ልትልክለት ስትሄድ «እየመጣሁ ነው» የሚለው የእሱ ቴሌግራም ቀድሟት ደርሷል። አጎቷ (ጆሴፍ ኮተን) ዘናጭ፣ ተጫዋች፣ እጁ የማይታጠፍ ነው። አብራው ስትሄድ ዓይኗ ከእሱ ላይ አይነቀልም። ጣቷ ላይ ኤመራልድ ቀለበት ሲያጠልቅላት የዘመድ ስጦታ ሳይሆን የእጮኝነት ቃል ኪዳን ይመስላል።

ቀለበቱ ውስጥ ግን የሌላ ሰው ስም መነሻ ፊደላት ተቀርጸዋል። አጎቷ ከቤቱ ጋዜጣ ላይ አንድ ወሬ ቀዶ መደበቁ ስለከነከናት፣ ማታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሮጣ ጋዜጣውን ትገልጣለች። ፊደላቱ በቅርቡ ከተገደለች መበለት ስም ጋር ገጠሙ።

ፖሊሶች አገር ለአገር ሲከታተሉት የከረሙትን ሰው እሷ በጥቂት ቀናት ያወቀችው ለምንድን ነው? ስለምትወደው ነዋ! ፊቱ ትንሽ ሲለዋወጥ የሚታያት፣ ከልቧ ስትመለከተው ስለኖረች ነው። አባቷና ጎረቤታቸው ኸርብ ግን፣ ነፍሰ ገዳዩ እዚያው ቤት ተቀምጦ፣ «ሰው ገድሎ ሳይያዙ ማምለጥ እንዴት ይቻላል?» እያሉ በጨዋታ ይከራከራሉ።

ያ ፍቅር እውነቱን ቢያሳያትም አፏን ዘጋው። እናቷ ወንድሟን እንደ ዓይኗ ብሌን ታየዋለች፤ ብትሰማ ትሞታለች። ስለዚህ ቻርሊ «ከቤታችን ውጣልን» ብቻ አለችው። እሱ ግን ሊገድላት ሞከረ፤ የተሰበረው ደረጃ፣ በመኪና ጭስ የታፈነው ጋራዥ። በመጨረሻ፣ በግብዣ መሐል፣ ቀለበቱን አድርጋ ከደረጃው ስትወርድ አየና እንደሚሄድ ለእንግዶቹ አስታወቀ።

በተሳፈረበት ባቡር ላይ ግን አንዲት ባለጸጋ መበለት አለች። የቤተሰቡ ገመና ሲሸፈን፣ ዕዳው ምንም ወደማታውቅ ሴት ሊዞር ነበር። ባቡሩ ሲነሳ፣ ልትሰናበተው የገባችውን ቻርሊን ገፍቶ ሊጥላት ሲታገል ራሱ ወድቆ ሞተ እንጂ፣ የዝምታዋን ዋጋ የምትከፍለው ያቺ መበለት ነበረች። ከተማው አልቅሶ፣ አወድሶ ቀበረው።

ቻርሊን ለመውቀስ አንደበት የለኝም። እናቷን አይቼ እኔም ዝም እል ነበር። ፊልሙን እንዲህ የምፈራውም ለዚህ ነው። እናንተስ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር?