ሲበላሽ ምን ይላል?

አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ወሬ ከፍጥነት አይጀምርም፤ ከማን እጅ እንደተገዛች ነው የሚጀምረው። «ይቺን ከአንድ ሐኪም ነው የገዛናት፤ ሐኪሙ ደሞ ከአንዲት አስተማሪ፤ አስተማሪዋ ከትምህርት ቤትና ከቤተክርስቲያን ሌላ የትም አልነዳቻትም» ይባላል። የመኪናዋ ዘር ማንዘር ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ነው ስለ ሞተሯ የሚጠየቀው።

እኔና ጓደኞቼ ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ጓደኛችን ጎፋ ያለው ጋራዥ ውስጥ እንሰበሰባለን። ከመሀላችን ውድ መኪና ኖሮት የሚያውቅ የለም። ከመኪና ላይ በተነቀለ አሮጌ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ስለ ቮልስ፣ ስለ ላዳ፣ ስለ ዲኤክስ፣ ስለ ቪትዝ እናወራለን። የቤተሰብ አልበም እንደማገላበጥ ነው። የማን አጎት በየትኛዋ መኪና እንደተሞሸረ፣ የማን እናት በየትኛዋ የኋላ ወንበር ላይ ምጥ እንደያዛት፣ ማን ዝናብ ላይ ቆሞ ስትገፋ እንደዋለ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል።

የአንዱ ጓደኛችን አያት ቮልስ ነበራቸው። ልጅ ሆኖ፣ ሻንጣ የሚገባው ከፊት፣ ሞተሩ ያለው ከኋላ መሆኑን ሲያይ «መኪናችን ተገልብጣ ነው የተሠራችው» ብሎ ለሰፈር ልጆች ያወራ ነበር አሉ። አያትየው የሚኮሩባት ግን በሌላ ነገር ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጡ፣ ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት የሚተፉ መኪኖች በዳገቱ ዳርና ዳር ቆመው፣ የሳቸው ቮልስ እየተንጣጣች በመሀላቸው ታልፋለች።

እዚህ ጋ እኔ ዝም ማለት ያቅተኛል፤ የተማርኩት ነገር ያስቸግረኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ውሃም እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ የላላ ራዲያተር ያላት መኪና ዳገት ላይ ብትፈላ አይገርምም። ቮልስ ግን ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተር የላት፣ የሚፈላ ውሃ የላት። የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ፣ ፑዬብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ስትወጣ፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ እህቶቿ ተሠርተው ነበር። ከነዚያ አንዷ ነች እንጦጦን የወጣችው።

የኔ ታሪክ ግን ላዳ ነው።

አባቴ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ላዳ ታክሲ ነበረችው። ላዳ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ወዳጅነት የገባች መኪና ናት፤ ግን ትውልዷ ሌላ ነው። ፊያት በ1966 እ.ኤ.አ. ከሶቪየቶች ጋር ተዋውሎ፣ የራሱን ፊያት 124 ለሩሲያ መንገድ እንድትሆን ላሜራዋን አወፈሩት፣ የኋላ ፍሬኗን ከዲስክ ወደ ታምቡር ቀየሩት፣ ብርዱ ባትሪዋን ቢገድለው እንኳ ከፊት በኩል ብረት አስገብቶ በእጅ ማስነሳት እንዲቻል አደረጉ። በ1970 ማምረት ተጀመረ። ፋብሪካው ያለበት ከተማ ቶሊያቲ ይባላል፤ ስሙ የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ከነበረው ከፓልሚሮ ቶሊያቲ የተወሰደ ነው። ጣሊያን ተወልዳ ሩሲያ ያደገች፣ ሐበሻ አገር የሠራች መኪና በሏት።

አባቴ ይሄን ታሪክ አያውቅም ነበር። ጣሊያንኛውን ግን ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ሲናገረው ይውላል። የጋራዥ አማርኛ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው፤ ከነሱ ካሚዮኖችና መካኒኮች ጋር ገብቶ፣ እነሱ ሲሄዱ እዚሁ ቀረ። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ፍሬቻ ቀስት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ። ማርሚታ ድስት። ይሄን ኢንተርኔት ላይ አንብቤ እየሮጥኩ ሄጄ ስነግረው አባቴ ብዙም አልተገረመም። «ታዲያ ድስት ነዋ» አለ። «ሲበሳ አላየኸውም?»

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ይነሳል። ላዳዋን አስነስቶ ወዲያው አይሄድም። ኮፈኑን ይከፍትና አንገቱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ይቆማል። ልጅ ሆኜ ከመኝታ ተነስቼ ወጥቼ አናግረው ነበር፤ «ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» ይለኛል። ምን እንደሚሰማ ማወቅ ያምረኝ ነበር። ለኔ ያው ድምፅ ነው። ለሱ ግን ሰው ነው፤ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞታል፣ አንድ ቀን ደህና አድሯል።

እኛን ያሳደገችን እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተገዛልኝ ሻንጣ ከሷ ነው። ሦስተኛ እጅ የሆነችው የመጀመሪያዋ ላፕቶፔ፣ ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩባት፣ አባቴ ከአየር ማረፊያ ኮንትራት እያጠራቀመ የገዛልኝ ናት።

ሦስተኛ ዓመት አካባቢ ነው በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች ከተማውን የሞሉት። ተሳፋሪው የወደዳቸው በምክንያት ነው። ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ክርክር የለም፣ ማታ ላይ ሴት ልጅ የማን መኪና ውስጥ እንደገባች ይታወቃል። እኔም እጠቀም ነበር። አባቴ ጋ ግን ቀን ሙሉ ተራ ጠብቆ የሚያገኘው ሰው ስልኩን እያየ አጠገቡ ቆሞ ሌላ መኪና መጠበቅ ጀመረ። አንዳንዱ ተሳፋሪ እንደውም «ላዳ ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞር ነበር።

አንድ ማታ እራት ላይ ጠየቀኝ።

«ይሄ ስልኩ ላይ ያለው ነገር፣ አንተ የምትማረው እሱን ነው?»

«እሱንም» አልኩት።

ትንሽ አሰበና «ጥሩ ነው» አለ። «እንጀራ አለው ማለት ነው።»

ከዚያ በላይ አልተነጋገርንበትም። ተቆጥቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። የሱን እንጀራ የሚወስደው ነገር የልጁ እንጀራ መሆኑን አይቶ ነው ጥሩ ነው ያለው።

ላዳዋን በ2013 ሸጣት። ገዢው ፈትቶ ዕቃዋን ሊሸጥ ነው የገዛት፤ ይሄንንም አልደበቀም። አባቴ ቁልፉን ሲያስረክብ «ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ትንሽ ጠብቃት፣ ወዲያው አትወድም» አለው። ሰውዬው የሚነዳት እስከ ሶማሌ ተራ ብቻ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። «እሺ ጋሼ፣ እጠብቃታለሁ» አለ። ያንን ሰው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

በ2015 እኔ ቪትዝ ገዛሁ። አንድ ሊትር ሞተር፣ አነስ ያለች፣ ቤንዚን የማትፈጅ። የኛ ከተማ ሰው ስለ ቪትዝ የሚቀልደው ብዙ ነው፤ የሚቀልደው ሰው ራሱ ግን ወይ አለችው፣ ወይ ሊገዛ ብር እያጠራቀመ ነው። የኔዋ ጃፓን ተነድታ ዱባይ ላይ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ ናት። መሪዋ ይቀየር እንጂ ሌላ ሌላው አልሰማም። የዝናብ መጥረጊያዋ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠርገው በቀኝ ለተቀመጠው ለጃፓኑ ሾፌር ነው፤ እኔ ፊት ያለችው ጥግ ሳትጠረግ ትቀራለች። የጃፓን ሬዲዮዋ ከ90 ሜጋኸርዝ በላይ ስለማይሄድ 102.1ን ለመስማት ትንሽ ዕቃ ገዝቼ አስገጥሜያለሁ። ጠዋት ጠዋት ሳስነሳት ደሞ አንዲት ሴት በጃፓንኛ በትሕትና አንድ ነገር ትለኛለች። አባቴ አጠገቤ ሲቀመጥ ሁልጊዜ «ምን አለች?» ይለኛል። ፈልጌ አገኘሁት፤ የፈጣን መንገድ መክፈያ ካርዱ አልገባም ነው የምትለው። «በላት እኛ ጋ ትራፊክ ፖሊስ ነው ያለው» አለኝ።

ሌላ አገር መኪና ገዝተህ ከግቢ ስትወጣ ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል ይባላል። እኛ ጋ ይወጣል። ምንዛሪው አለ፣ ቀረጡ አለ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ደሞ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደው። ስለዚህ ቪትዝ ጎማ ያላት የባንክ ደብተር ናት። ሰው መኪናውን የሚሳሳላት ለፍቅር ብቻ አይደለም፤ ከነገዋት ሌላ አይገዛም።

ባለፈው ክረምት የሞተር መብራቷ በራ። እኔ የምታምነው መሣሪያዬን አወጣሁ። ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሚያነብ ትንሽ ስካነር አለኝ። ፒ0171 አለኝ። ትርጉሙ ድብልቁ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ምክንያቱ ግን አሥር ሊሆን ይችላል፤ ፓምፕ፣ ፊልትሮ፣ ሴንሰር፣ የሆነ ቦታ የሚያስገባ አየር። ዝርዝሩን ይዤ ከላይ ወደ ታች ልፈትሽ ስዘጋጅ አባቴ ወጣ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ።

«ታፏጫለች» አለ።

እኔ ምንም አይሰማኝም። እጁን ሰዶ ከሞተሩ ጀርባ ያለች አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ላይ ጣቱን አሳረፈ። ሞተሩ ወዲያው ረጋ አለ። ቱቦዋ በእርጅና ተሰነጣጥቃ ነበር። የተቀየረችው ከምሳ ባነሰ ዋጋ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሳካለትም። ሴንሰር ሲበላሽ ድምፅ የለውም፤ ያኔ እኔን ይጠራኛል። «የኔ ጆሮ የሚያውቀው ላዳ ነው፤ ይቺን በወሬ ነው የማውቃት» ይላል። ግን ያቺ ቀን ኮዱ የት አካባቢ እንደሆነ ነገረን፣ ጆሮው ቦታውን አሳየን። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር።

አሁን ጋራዥ ውስጥ የምናወራው ሌላ ነገር ነው። ጥር 2016 ላይ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። እኔ በግሌ የኤሌክትሪክ መኪና እወዳለሁ። ነዳጁን በዶላር እናስገባለን፣ መብራቱን ግን አብዛኛውን ከራሳችን ውሃ እናመነጫለን። ሞተራቸው አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያደክማቸውም፤ እንጦጦን ሲወጡ እንደ ሜዳ ነው። ካንዴላ የላቸው፣ ፍሪሲዮን የላቸው፣ ማርሚታ የላቸው።

አንድ ቅዳሜ አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለች መኪና በተሳቢ አስጎትቶ መጣ። ስክሪኗ ላይ በቻይንኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አለ። በስልኬ ተረጎምኩት፤ «ወደ አገልግሎት ማዕከል ይሂዱ» ነው የሚለው። የኔን ስካነር ሰካሁት፤ አላናገረውም። የአምራቹ ሶፍትዌርና የይለፍ ቃል ይፈልጋል። ጓደኛችን፣ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሞተር ሲፈታ የኖረ ልጅ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ አያት። «ምን እንደሆነች እኮ ታውቀዋለች» አለ። «ለኛ ነው የማትነግረን።»

እኔ ላይ የከበደኝ ይሄ ነው። ያንን መቆለፊያ የጻፈው እንደኔ ያለ ሰው ነው፤ ምናልባት እሱም አባቱ ላዳ ነድቶ ያስተማረው ይሆናል። ጣሊያን እዚህ የመጣው ለደግ አልነበረም። ኮፈኑ ግን ሲከፈት ለማንም ይከፈት ስለነበር፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ልጆች አይተው፣ ሰምተው፣ ዳስሰው ባለሙያ ሆኑ፤ ቃላቱንም የራሳቸው አደረጉ። የአዲሱ መኪና ቃል ስክሪን ላይ አለ፣ ግን በቁልፍ ነው። ወደ ላዳ እንመለስ አልልም። መኪናዋ የታመመችውን ገበያ ላይ ለተገኘ መካኒክ ሁሉ እንድትናገር ማድረግ ግን ይቻላል፤ ከቴክኒክ አንፃር ከባድ ነገር አይደለም፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቃለሁ። አስመጪውም ፈቃድ ሰጪውም ይሄንን ቢጠይቅ ጎፋ ያለው ልጅ እንጀራው አይዘጋም።

እስከዚያ ድረስ እኔ የምችለውን እየሠራሁ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ሰንጠረዥ ከፍቻለሁ። እሁድ እሁድ አባቴ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንደኛው ዓምድ የዕቃው ስም ነው፤ ሁለተኛው ሥራው፤ ሦስተኛውን ያስጨመረኝ እሱ ነው። «ሲበላሽ ምን እንደሚል ካልጻፍክ ምን ዋጋ አለው?» ብሎኝ። ኩሽኔታ፦ በዝግታ ስትሄድ ዝም፣ ስትፈጥን እንደ ንብ ያጉረመርማል። የፍሬን ሸራ፦ ሲያልቅ ብረት በብረት ይፋጫል፣ ጥርስ ያሳክካል። የላዳ ካምቢዮ፦ ጠዋት ያኮርፋል፣ ከሰዓት ይታረቃል።

ባለፈው እሁድ ፍሪሲዮን ላይ ደረስን። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ምን ልጻፍ አልኩት። ብዙ አሰበ።

«እሱ አይናገርም» አለ። «ይሸታል። ሽታ ብለህ ጻፍ።»

አራተኛ ዓምድ ጨመርኩ።