ሞተሩ ሲያገሳ ጎማው ሲለግም

በአገራችን ሣር የሚታጨደው ለከብት ነው፤ ወይም ለበዓል ይጎዘጎዛል። እዚህ ዴንቨርና አውሮራ ግን የውሃ ሂሳብ እየከፈልን እናሳድገዋለን፣ ካደገ በኋላ አጭደን እንጥለዋለን። ከዘገየን ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። ምን ይደረግ፣ አገሩ ነው!

ጋሼ የምላቸው የአውሮራ ጎረቤቴ የጡረታቸውን ጉድለት የሚሞሉት የሰው ግቢ ሣር በማጨድ ነው። መሣሪያቸው ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ እንደ በቅሎ ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ ነው። ባለፈው ሰኔ ይኸው ማሽን ዳገት አልወጣም አለ። ሞተሩ ያገሳል፣ ጎማው ይለግማል፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። አንድ ጥገና ቤት ቢወስዱት «ከተማው 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሞተሩ አቅም አጥቷል፤ አዲስ ይግዙ» አሏቸው። «የአዲስ አበባን ልጅ ስለ ከፍታ ያስተምሩኛል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር። አዲስ መግዣ የላቸውም።

እርግጥ ነው፣ ከፍታ ሞተርን ያደክማል። በዴንቨር አየር ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ይሁን እንጂ ማሽኑ ሃያ ዓመት እዚሁ ሲሠራ ከፍታው ያው ነበር። ጋዜጠኝነት ካስተማረኝ ነገር አንዱ፣ መግለጫ እውነት ሆኖም ለጥያቄው መልስ ላይሆን እንደሚችል ነው።

ቁልፉን ነቅለን፣ የካንዴላውን ሽቦ አላቅቀን ከሥር አየን። የሞተሩን ጉልበት ለማርሹ የሚያደርሰው ቺንጋ ነው። ቺንጋውን የሚወጥረው ደግሞ በሞላ የሚሳብ ትንሽ ፑሊ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ያላላዋል፣ ሲለቀቅ ይወጥረዋል። የቺንጋው ጎን እንደ መስታወት አብለጭልጯል፤ እየተንሸራተተ ተቃጥሏል ማለት ነው። ጋሼ ፑሊውን በጣታቸው አሽከረከሩና «ኩሽኔታው አልቋል፣ ሞላውም ላልቷል። እነዚህ ሳይቀየሩ አዲስ ቺንጋ ብትገጥም ብዙም አይቆይልህ» አሉኝ።

ለምትሞክሩ ወገኖች፦ አሮጌውን ቺንጋ ከማውጣታችሁ በፊት የሚዞርበትን መንገድ በወረቀት ሳሉ። ርዝመቱን በአሮጌው አትለኩ፣ ተለጥጧልና፤ በማሽኑ የሞዴል ቁጥር ግዙ። ርካሽ ነው ብላችሁ የመኪና ቺንጋ አትግጠሙ። የማጨጃው በጨርቅ የተሸፈነው ፔዳሉ በተረገጠና በተለቀቀ ቁጥር የሚደርስበትን መንሸራተት እንዲችል ነው።

ጋሼ በአገራቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ቺንጋ፣ ሞላ፣ ካንዴላ የሚለው ከጣሊያን የወረስነው የጋራዥ ቋንቋ ለአሜሪካው ባለሱቅ አይገባውም። ስለዚህ ባንኮኒው ፊት ዝም ይላሉ፣ እሱም የማያውቁ ይመስሉታል። የእኔ የውጭ አገር ዲግሪ በዚያን ቀን ያገለገለው ለማስተርጎም ብቻ ነው። ሙያው የእሳቸው ነበር።

ማሽኑ ዛሬ ዳገቱን ይወጣል። እንግሊዝኛ አልሆን ብሏቸው በየቤቱ ዝም ያሉ ባለሙያዎች ስንት ይሆኑ? አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት እስቲ ጠይቋቸው።

ቸር ያሰንብተን።